ዓለምን በአንድ ቁና የሚሰፍር ፎርም

አዲስ አበባ ተቀምጦ የውጭ ድረ ገጽ ፎርም የሞላ ሰው ይህችን ቀይ ጽሑፍ ያውቃታል፦ «ትክክለኛ ዚፕ ኮድ ያስገቡ»። ስሙን፣ ኢሜይሉን፣ ስልኩን ሞልቶ እዚህ ሲደርስ ይቆማል። ደብዳቤ የሚደርሰው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ጠያይቆ የአዲስ አበባን ኮድ 1000 ብሎ ቢጽፍም ፎርሙ «አምስት አሃዝ መሆን አለበት» ይለዋል። ሲሰለቸው 12345 ይጽፋል። አለፈ! 12345 ግን ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ያለ የስኬነክታዲ ከተማ ኮድ ነው። እውነቱን የጻፈው ተመለሰ፣ የዋሸው ገባ።

ጥፋቱ የሰውየው አይደለም፤ ፎርሙን የሠራው ባለሙያ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመረችው ዚፕ ኮድ አምስት አሃዝ ስለሆነ የዓለሙ ሁሉ እንደዚያ መሰለው። የብሪታንያና የካናዳ ኮድ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ነው። የሕንድ ስድስት አሃዝ ነው። እስራኤል በ2013 ከአምስት ወደ ሰባት አሃዝ ተሸጋግራለች። ዱባይ ላለው ሰው ደግሞ ጭራሽ የሚጽፈው ኮድ የለም፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፖስታል ኮድ አትጠቀምም። ለአሜሪካውያን እንኳ አልተረፈም፦ የቦስተኑ 02108 እንደ ቁጥር ከተቀመጠ ዜሮው ይወድቅና 2108 ይሆናል። ፖስታል ኮድ አይደመርም፣ አይቀነስም፤ ጽሑፍ ነው።

«ማጣሪያው ስህተትና ማጭበርበር ይከላከላል» የሚሉ አሉ። የአሃዝ ብዛት መቁጠር ግን የሚያየው መልኩን እንጂ እውነትነቱን አይደለም። አጭበርባሪ አምስት አሃዝ መጻፍ አያቅተውም። የሚወድቀው ያልዋሸው ነው። አድራሻ በእርግጥ መረጋገጥ ካለበት ከፖስታ ቤት ወይም ከባንክ መረጃ ጋር ይመሳከር።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ አገሩን ይጠይቁ፤ ከዚያ በዚያ አገር ደንብ ይመዝኑ። ኮድ ለሌለው አገር ሣጥኑን ያንሱት። ደንቡን የማያውቁት አገር ከሆነ የተጻፈውን እንዳለ ይቀበሉ። ክፍት ቦታና ትንንሽ ፊደል ሰው እንዲያስተካክል አያስገድዱ፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ያስተካክለው። ጥርጣሬ ካለ ያስጠንቅቁ እንጂ በር አይዝጉ።

ወቀሳው ለውጭዎቹ ብቻ አይደለም። የውጭ ቴምፕሌት አውርዶ፣ ቀለሙን ቀይሮ፣ ለአገር ቤት ደንበኛ «ዚፕ ኮድ» በግድ የሚያስሞላ የእኛው ባለሙያም ተጠያቂ ነው። ደንበኛው ክፍለ ከተማውን፣ ወረዳውን፣ የቤት ቁጥሩን ያውቃል። የሚያውቀውን ሳይጠይቁት የሌለውን አምጣ ማለት ሥርዓት አይባልም።

በሐሰት ቁጥር የተሞላ መዝገብ ይዞ «ዳታችን ንጹሕ ነው» የሚል ድርጅት ራሱን ያታልላል። ሐሰቱን ሰዎች አላመጡትም፤ ፎርሙ አስገድዶ አስጻፋቸው።