ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት?

ጠያቂዬ ባለትዳር ናት። አባቷ በደርግ መጨረሻ ዓመታት ከአሰብ አንድ ደብዳቤ ላኩ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ። ደብዳቤው ላይ ቀን አልጻፉበትም። በቅርቡ ቴምብር የሚሰበስበው ባሏ ፖስታውን ከሣጥን አውጥቶ ቴምብሩን በመቀስ ቆርጦ ወሰደው። «ሁለት ሳምንት ተኮራርፈናል። ‹ለአንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው?› ይለኛል። ለመሆኑ ቴምብር ማለት ምን ማለት ነው?» ትላለች።

እህቴ፣ ቃሉ የፈረንሳዮች ነው። ሥሩ ደግሞ የግሪኮቹ «ቲምፓኖን»፣ ማለትም ከበሮ! እንዳትስቂ። ከበሮው ፈረንሳይ ገብቶ ሲውል ሲያድር የሚመታ ደወል ሆነ፤ ቀጥሎ በመሳፍንት የጦር ቁር ላይ የሚደረግ ምልክት፣ በኋላም ወረቀት ላይ የሚመታ ማኅተም። ፈረንሳዮች የሚለጠፈውን ቴምብር ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1849 ነው፤ ቃሉ ግን ከዚያ በፊት የማኅተም ስም ነበር። የኛም የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች፣ የአፄ ምኒልክና የአንበሳ ምስል ያለባቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1894 የታተሙት እዚያው ፓሪስ ነው። ቃሉ አብሮ ቢመጣ ምን ይገርማል?

እንግዲህ ቃሉም ላንቺ ፈረደ። ዋናው ነገር ወረቀቷ ሳትሆን በላይዋ የተመታው ማኅተም ነው። የአባትሽ ቀን ያለው እሱ ላይ ነው።

አሁን ኩርፊያውን ተዪና ቁራጩን ውኃ ውስጥ ሳይነክረው ተቀበዪው። ሰብሳቢዎች ወረቀቱን ለማላቀቅ ይነክሩታል። ከፖስታው ቀዳዳ ጋር ግጠሚው፤ ማኅተሙ ግማሹ ቴምብሩ ላይ፣ ግማሹ ፖስታው ላይ ስለሚያርፍ ክቡ ሙሉ ይሆናል። በአጉሊ መነፅር አንብቢ፤ ቀኑ በእኛ ይሁን በፈረንጆች አቆጣጠር ልብ በዪ። ቁራጩ ተሸጦ ከሆነም ተስፋ አትቁረጪ። የፖስታውን ጀርባ ገልብጪ፤ በተለይ ደብዳቤው በሪኮማንዴ የመጣ ከሆነ የተቀበለው ፖስታ ቤት ከኋላ የራሱን ማኅተም መትቶበት ይሆናል።

ስለ ባለቤትሽ ግን አንድ ነገር ልበል። ማኅተሙ ሳይነካ ከነፖስታው የተቀመጠ ቴምብር ብዙ ጊዜ ከተቆረጠው ይበልጥ ይፈለጋል። ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሳያውቅ መቀስ ማንሳቱ እኔንም አናዶኛል። ይህን ንገሪውና አብራችሁ ግጠሙት፤ መነፅሩም እሱ ዘንድ አይጠፋም።

ቀኑን ካገኛችሁት ጻፊልኝ።