«አባዬ፣ እኛ ሂተ የለንም ወይ?»



በነሐሴ ወር የኦስሎ ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ መምህራን ልጆቹን በቅድሚያ ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ «ዕረፍታችሁን የት አሳለፋችሁ?» የሚለው ነው። አንዱ ልጅ «ሂተ ነበርን» ይላል። ቀጣዩም «እኛም ሂተ» ይላል። ተራው የእኛ ልጅ ጋ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ «ቤት» ብሎ ዝም ይላል። ማታ ደግሞ ጥያቄውን ይዞ ወደ አባቱ ይመጣል፤ «አባዬ፣ እኛ ሂተ የለንም ወይ?» ይህን ያጫወቱኝ ወላጆች ከአንድ ሁለት በላይ ናቸው። የአባቶቹም መልስ እንደ ተማከሩ ሁሉ አንድ ነው፤ «ልጄ፣ ሂተ የሀብታም ነው።»

እኔ ይህ መልስ ስሕተት ነው ባይ ነኝ። በኖርዌይ ከ400 ሺህ በላይ ሂተዎች አሉ። አብዛኞቹ በርግጥ የግል ናቸው፤ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ እየተላለፉ የሚኖሩ። እኛ እዚህ አያት የለንምና ከዚያ ውርስ ውስጥ የለንበትም። ሁሉም ግን የግል አይደሉም። ከደጃችን ጀምሮ በኦስሎ ፊዮርድ በምሥራቅም በምዕራብም ዳርቻ፣ በአንድ በኩል ወደ ድሮባክና ሞስ፣ በሌላው በኩል ወደ ሆርተንና ቶንስበርግ የሚዘልቅ የባሕር ዳር የእግር መንገድ አለ። ኖርዌጂያኖቹ ሺስትስቲየን ይሉታል። እዚህም እዚያም ይቋረጣል፤ ባለበት ቦታ ግን በሰማያዊ ምልክት ይታወቃል። በዚሁ የባሕር ዳርቻና በደሴቶቹ ላይ መንገደኛ፣ ቀዛፊና ቤተሰብ የሚያድርባቸው ለሕዝብ የሚከራዩ ትናንሽ ቤቶች አሉ። ብዙዎቹ አሮጌ ቤቶች ታድሰው ነው። ከሚያከራዩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው ኦስሎፊዮርደንስ ፍሪሉፍትስሮድ ነው፤ በፊዮርዱ ዙሪያ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች አባል የሆኑበት ድርጅት ነው። ሌላው በተለምዶ ዴኤንቴ የሚባለውና ከ1868 ጀምሮ የነበረው የተጓዦች ማኅበር ነው፤ በመላ አገሪቱ 550 ያህል ማደሪያዎች አሉት።

ማዘጋጃ ቤት ካልን ግብር ከፋይ አለ ማለት ነው። ግብር ከፋይ ካልን ደግሞ ሌሊት አውቶቡስ የሚነዳው፣ ሆስፒታል የሚያጸዳው፣ በአረጋውያን ቤት ሽማግሌ የሚያነሳው ወገናችን አለ ማለት ነው። እንግዲህ ለልጁ የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ «የብቻችን ባይሆንም አለን» የሚል ነው።

ታዲያ ለምን አንሄድም? ስለ ገንዘቡ የሚነሳው ምክንያት ሩቅ አያስኬድም። የእነዚህ ቤቶች ኪራይ ከሆቴል ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲከፍለው ደግሞ ይብሱን ይቀላል። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና የጀርባ ቦርሳም ቢሆን ቡአ የሚባሉት የዕቃ ማዋሻ ቦታዎች በነጻ ያውሳሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ፍርሃት ነው። አንዲት እናት ልጆቻቸውን ይዘው በባሕሩ ዳር ሲሄዱ «የግል» የሚል ሰሌዳ አይተው ተመለሱ። «ልጄ፣ የሰው ግቢ ገብቼ ከምዋረድ ይቅርብኝ» አሉኝ። እኚህን እናት ማን ይወቅሳቸዋል? ሆኖም ሕጉን ማወቅ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው የተፈጥሮ መዝናኛ ሕግ ያልታረሰና ያልታጠረ መሬት፣ ማለትም ኡትማርክ፣ ለማንም እግረኛ ክፍት መሆኑን ይደነግጋል። «ማንም» ሲል ዜጋና ስደተኛ ብሎ አይለይም። የሰው ቤት ግቢና የአትክልት ቦታ ክልክል ነው፤ የእርሻ ማሳም መሬቱ በረዶ ካልያዘ በቀር እንደዚያው። ከዚያ ውጭ መንገደኛን ለማስፈራራት ብቻ የተተከለ ሰሌዳ ሕገ ወጥ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱም እንዲነሳ ማዘዝ ይችላል። ድንኳንም ቢሆን ሰው ከሚኖርበት ቤት ወይም ሂተ 150 ሜትር ርቆ መትከል ይፈቀዳል፤ ከሁለት ሌሊት በላይ ለመቆየት ግን የባለ መሬቱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከኦስሎ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ካለው ወደብ በተራ የከተማ ትኬት በጀልባ በሚደረስበት በላንጎየነ ደሴት ደግሞ ለድንኳን የተለየ ቦታ አለ።

ሦስተኛውን ምክንያት ግን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። አንድ ወንድማችንን «ና፣ ቅዳሜ ሄደን ባሕር ዳር እንደር» ብለው ሳቀብኝ። «እኔ በቂዬን ተጉዣለሁ» አለኝ። በመተማ ወጥቶ ሱዳንን፣ ከዚያ በረሃውን፣ ከዚያም ሊቢያን አልፎ በጎማ ጀልባ የመጣ ሰው ነው። ለእርሱ በእግር መሄድ መዝናኛ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ማደርም ጀብዱ አይደለም፤ ባሕር ደግሞ ጓደኞቹ የቀሩበት ነው። ኖርዌጂያን የሥራ ባልደረባው በየሰኞው «ቱር ሄድክ?» እያለ ሲጠይቀው ምን ብሎ ያስረዳዋል?

እኔም ከዚያ ቀን በኋላ «ኑ እንሂድ» ማለቴን ቀነስኩ። ብዙ ቆይቼ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ለእኛ ዋናው ጥያቄ መንገዱ ሳይሆን ማደሪያው መሆኑን ነው። አንድ ኖርዌጂያን የት እንደሚያድር ሳያውቅ ቢወጣ ደስታው ነው። ከእኛ መካከል ብዙዎች ግን የት እንደሚያድሩ ሳያውቁ ያሳለፏቸውን ሌሊቶች ሊደግሟቸው አይፈልጉም። ስለዚህ በር ያለው፣ ቁልፍ ያለው፣ የእንጨት ምድጃ ያለው፣ በስማችን የተያዘ ቤት ከፊታችን መኖሩ ትልቅ ነገር ነው። ያው ወንድማችን ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ከስድስት ሰዎች ጋር አብሮን መጣ። መንገዱን ግማሹን በአውቶቡስ ነው የሄድነው፤ ቅር አላለንም። ማታ ምድጃው ሲነድ ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ቁጭ አለ። ጠዋት ግን ከሁላችን ቀድሞ ተነስቶ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሃውን ሲያይ አገኘሁት። ምንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

መንገደኛን ማሳደር ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። በሀገር ቤት የመሸበት ሰው ደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል መልሱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» የሚል ነበር። እዚህም ከከተማው ፊት ለፊት ባለችው በሆቨዶያ ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1147 ከእንግሊዝ የመጡ መነኮሳት የመሠረቱት ገዳም ፍርስራሽ ይታያል፤ እንግዳ መቀበል ለመነኮሳት በዚያም በዚህም ሥርዓት ነው። በሰሜን ወሎ በመቄትም እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ገበሬዎች በማኅበር ጎጆ እየቀለሱ በእግር የሚጓዙ እንግዶችን ማሳደር ጀምረው ነበር። ነገሩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ አስተናጋጁ አለመኖሩ ብቻ ነው። የሚቀበልህ ሰው የለም፤ ቁልፉ ነው የሚቀበልህ። በአንዳንዶቹ የዴኤንቴ ማደሪያዎች ውስጥ የታሸገ ምግብ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ታገኛለህ፤ የወሰድከውን ራስህ ጽፈህ ራስህ ትከፍላለህ። ማንም አያይህም። እኔን ከሁሉም የገረመኝ ይህ ነው።

ወቀሳ የለኝም ማለት አይደለም። ቤቶቹ የሚያዙት በኢንተርኔት ነው፤ ማብራሪያው በአብዛኛው በኖርዌጂያንኛ ነው፤ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የተጻፈ ነገር እስካሁን አላየሁም። ለጤና፣ ለምርጫና ለግብር በየቋንቋችን ወረቀት የሚበትን መንግሥት ስለዚህ ጉዳይ አንዲት ገጽ ቢያሳትም አይደኸይም። በሐምሌ ወር ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ነገሩን ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁት ሰዎች ቀድመው ይይዙታል። ስደተኛውን ወደ ተፈጥሮ እናምጣው የሚሉ ባለሥልጣናት ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።

ባለሥልጣናቱ እስኪያስቡበት ግን ዕድሮቻችን፣ የጽዋ ማኅበሮቻችንና ሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን እጃቸውን አጣጥፈው መቀመጥ የለባቸውም። በየማኅበሩ ኮምፒዩተር የሚያውቅ አንድ ወጣት ይመደብ፤ ጥር ወይም የካቲት ላይ ተቀምጦ ለሚቀጥለው ዕረፍት አንድ ቤት ይያዝ። ወጪው በነፍስ ወከፍ ይካፈል። በሰኔ መጀመሪያና በመስከረም፣ በተለይ በሥራ ቀን፣ ቦታ ማግኘት ይቀላል፤ የፈረቃ ሠራተኞች ደግሞ ዕረፍታችን መቼም ማክሰኞና ረቡዕ ነው። የማይራመዱ እናቶችና አባቶች በመኪና ወይም በጀልባ የሚደረስበት ቤት ይመረጥላቸው።

ለሚሄዱ ጥቂት ልጨምር። አንሶላና የመኝታ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። መጸዳጃው ብዙውን ጊዜ ደጅ ነው፤ የቧንቧ ውሃም የሌለበት ቤት አለና ስትይዙ አንብቡ። ወጡን ከቤት ሠርታችሁ ሂዱ፤ የቁሌት ሽታ ከእንጨት ቤት ቶሎ አይወጣም፤ ከእኛ በኋላ የሚገባው ሰው ደግሞ በርበሬ ያለመደ ሊሆን ይችላል። ጀበናው ግን አይቅር። ስትወጡ ቤቱን ከተረከባችሁት አጽድታችሁ፣ እንጨቱን ፈልጣችሁ ሙሉት።

በነሐሴ የምትሄዱ የቡሄን ዕለት፣ ኦገስት 19ን፣ አስቡ። ለልጆቹ ሆያ ሆዬ የሚጨፈርበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ ሙልሙሉም ይወሰዳል። ችቦውን ግን ተጠንቀቁ፤ ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ በጫካና በጫካ አጠገብ እሳት ማንደድ በሕግ የተከለከለ ነው። ምድጃው ውስጥ አንድዱትና ልጆቹ ደጅ ሆነው ይጨፍሩ።