ኮዱ ከሳሽ እንጂ ዳኛ አይደለም

ሰሞኑን ከሐይቅ ደሴ የሚሠራ አንድ የሚኒባስ ሾፌር ያጫወተኝ ነገር አናዶኛል። ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራበታል። ጋራዥ ወስዶ በኮምፒውተር ሲያስነብበው ፒ0171 የሚል ኮድ ወጣ። መካኒኩ ሞተሩን እንኳ ሳይነካ፣ «አብሽር፣ ኦክስጅን ሴንሰሩ ነው፤ ቀይረው ይለቅሃል» አለው። ሴንሰሩ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ተገዝቶ መጣ፣ ተገጠመ፣ መብራቱም ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ የደሴን ዳገት ሲወጣ እንደገና በራ። ኋላ ሐይቅ ያለ ሌላ ባለሙያ ሲፈትሽ፣ ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ የሚሄደው የጎማ ቱቦ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ አገኘው።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ ታውቃላችሁ፤ ከ«ቀይረው» ባዮች ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ፒ0171 ሴንሰር ተበላሽቷል አይልም። ወደ ሞተሩ ከሚገባው አየር አንጻር ቤንዚኑ አንሷል ነው የሚለው። ይህን ጉድለት የተቀደደ ቱቦ፣ የአምባሰል የጠጠር መንገድ አቧራ ያቆሸሸው የአየር መለኪያ፣ የደከመ የቤንዚን ፓምፕ ወይም የተዘጋ የቤንዚን ፊልትሮ ሊያመጣው ይችላል። ሸምጋዮቹ የወሎ አበጋሮች የከሳሽን ቃል ብቻ ሰምተው አይፈርዱም። እኛ ግን በከሳሹ ቃል ፈርደን፣ አየሁ ያለውን ምስክር፣ ሴንሰሩን፣ ነቅለን እንጥላለን።

ማጣራቱን ለመጀመር ደግሞ በአብዛኛው ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ኮዱን ያነበበው መሣሪያ ራሱ፣ የሞተሩ ኮምፒውተር ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ እንደሆነ ያሳያል። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ጭማሪው ከፍ ብሎ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ወደ ልኩ ከተመለሰ፣ አየር የሚያሾልክ ቀዳዳ ይፈለግ። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛ ከባሰ ደግሞ ፓምፑና ፊልትሮው ይታዩ።

ከሁሉ የሚብሰው «ኮዱን አጠፋሁልህ» ብሎ ማስከፈል ነው። ኮዱ ሲመዘገብ የዚያን ቅጽበት የሞተር ፍጥነት፣ ሙቀትና ጭነት አብሮ ይቀመጣል። ኮዱን ማጥፋት ይህንንም ማስረጃ ያጠፋል፤ ብልሽቱ ግን እዚያው ነው። «ደንበኛ ይቸኩላል፣ ለምርመራም መክፈል አይወድም» የሚሉኝ መካኒኮች አሉ። ሰበብ ነው። ያ ሾፌር ለማያስፈልገው ሴንሰር ከፍሎ የለም እንዴ? ለምርመራው ቢከፍል ይሻለው ነበር።

ነገሩ ደግሞ ከአንድ ሚኒባስ ያልፋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ስለዚህ በውጫሌና በመርሳ መንገድ የምናያቸው አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው። አዲስ የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ካንዴላ የላቸውም፣ ልምድ ያለው ጆሮ የሚለየው የሞተር ድምፅም የላቸውም፤ ብልሽታቸውን በአብዛኛው የሚናገሩት በኮድ ነው። ዛሬ በግምት የሚቀየረው ሴንሰር ነው። ይህ ልማድ ካልታረመ ነገ በግምት የሚቀየረው ባትሪ ይሆናል፤ ያ ደግሞ የአንድን ቤተሰብ ጥሪት ይዞ ይሄዳል።

እንደ ደሴው ወይዘሮ ስሂን ፖሊቴክኒክ ያሉ ኮሌጆችን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ኮድ ማንበብን ለፈተና አታቅርቡ፤ ያንን ማንም ትንሽ ማንበቢያ ሰክቶ በስልኩ ያነበዋል። አንድ ቱቦ በስውር አላልታችሁ፣ ተማሪው ምንም ዕቃ ሳይቀይር ምክንያቱን ያግኝ። ያገኘ ይለፍ።

እናንተ ሾፌሮችም፣ ኮዱ ሳይጠፋ ፎቶ አንሱት። «ይሄ ዕቃ መበላሸቱን በምን አረጋገጥክ?» ብላችሁ ጠይቁ። በቂ መልስ ካላገኛችሁ ገንዘባችሁን ከኪሳችሁ አታውጡ።