ከሚያፈሰው ሞተር ይልቅ የታጠበው ያስፈራል

አሮጌ መኪና ሊገዛ ወደ ደብረ ብርሃን ብቅ ያለ ነጋዴ መጀመሪያ የሚያደርገው ጎንበስ ብሎ የመኪናውን ሥር ማየት ነው። መሬቱ ላይ ዘይት ካየ ዋጋ ለመስበር ምክንያት አገኘ ማለት ነው። ሞተሩ ታጥቦ ካብረቀረቀ ደግሞ ደላላው «እንደ አዲስ ነው» ይላል፤ ገዢውም ያምናል። ሁለቱም ስሌቶች የተሳሳቱ ናቸው። ሻጩ ብቻውን ያጠበው ሞተር ማስረጃው የጠፋበት ሞተር ነው።

እንደሚታወቀው በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫም ተወደደ። እናም ቮልሷም፣ ፔጆ 404ቱም፣ ላንድሮቨሩም ጡረታ የሚወጡበት ጊዜ ተራዘመ፤ በግዢያቸው የሚሠራ ስህተትም ዋጋው ከበደ።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ያነሳው ይህንኑ ያገለገለ መኪና ገበያ ነበር። ሻጭ የመኪናውን ገመና ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ስለዚህ ገዢ ለሁሉም አማካይ ዋጋ ያቀርባል፤ ደህና መኪና ያለው ሰው በዚህ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣና ብልሹው ይቀራል። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2001 ኖቤል ተሸልሟል። ገመናውን ለመግለጥ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ከአንድ ጠዋት ሥራ የበለጠ አይጠይቅም።

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድም ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በመሆኑም ጠብታው የወደቀበት ቦታ ምንጩን አያሳይም። ሞተሩ ገዢው ባለበት ታጥቦ ይድረቅ፤ በተጠረጠረው ቦታ ሁሉ የሕፃን ፓውደር ይነስነስና መኪናው ይነዳ። አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሲመለሱ ያለው ዳገት ሞተሩን አሙቆ የደበቀውን ያስተፋዋል። ፓውደሩ ላይ ከሁሉ ከፍ ብሎና ወደ ፊት ቀድሞ የረጠበው ቦታ ምንጩ ነው።

ከቴስታታው በላይ ካለው ክዳን ከሆነ ጋስኬት መቀየር ነው። ለዚህ ብሎ ብዙ ዋጋ የቀነሰ ሻጭ ተበልቷል። ከሞተሩና ከካምቢዮው መጋጠሚያ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአሮጌ ላንድሮቨር ላይ እዚያ ሥር ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከእርሷ የሚንጠባጠበው ወይ የኋለኛው ኦይል ሲል አልቆ የወጣ የሞተር ዘይት ነው፣ ወይ የካምቢዮ ዘይት። በጣት ነክቶ ማሽተት ነው፤ የካምቢዮው ዘይት ድኝ ድኝ ይላል። ኦይል ሲሉ ራሱ ውድ አይደለም፤ ኪስ የሚያራግፈው ካምቢዮ ማውረዱ ነው።

የከፋው የፋሻ ማለቅ ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያው ክዳን ይከፈት። ጭስ እየተገፋ የሚወጣ ከሆነ የተቃጠለው ጋዝ በፒስተኑ ጎን ወደ ታች እያለፈ፣ ዘይቱን በየመጋጠሚያው እየገፋው ነው። ፍርድ ከመስጠት በፊት ግን የሞተሩ መተንፈሻ ቱቦ ይታይ፤ ከተደፈነ እርሱም ግፊት ያከማቻል። ይህችን ቱቦ ሳያጸዳ ኦይል ሲል ደጋግሞ የሚቀይር ባለመኪና ጥቂት አይደለም።

ኮምፕሬሽን የሚያስለካ ገዢም አንድ ነገር ልብ ይበል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል፤ መለኪያውም በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ያነባል። ከፋብሪካው መጽሐፍ ቁጥር ጋር አስተያይቶ «ሞተሩ ሞቷል» የሚል ደላላ ወይ አላወቀም፣ ወይ አውቋል። የሚሻለው ሲሊንደሮቹን እርስ በርስ ማወዳደር ነው።

ደላላው ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሽያጩ ሲያልቅ በመሆኑ ለምርመራ ትዕግሥት ቢያጣ አይገርምም። ገዢና ሻጭ የመካኒኩን ክፍያ ተካፍለው ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ በውላቸው ላይ ያስጽፉ። በዚህ የማይስማማ ሻጭ ካጋጠመ ሊብሬውን ለማየት መቸኮል አያስፈልግም።