ርብራቡን ማን ይፈትሽ?

መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ምንጃር ሸንኮራ፣ አረርቲ ከተማ፣ በግንባታ ላይ በነበረ የማርያም ቤተ ክርስቲያን የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ። ርብራቡ የፈረሰው በዓል ሊያከብሩ በተሰበሰቡ ምእመናን ላይ ስለነበር አገር ሰማው። ግንበኛና የቀን ሠራተኛ ግን እንዲህ ባለ እንጨት ላይ በየቀኑ ይወጣሉ፤ አንድ በአንድ ሲወድቁ ወሬ ነጋሪ የላቸውም።

ጥናት ጠፍቶ አይደለም። በጎንደርና በአዲስ አበባ የሕንፃ ሠራተኞች ላይ የተሠሩ ሁለት ጥናቶች፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ10 ሠራተኞች ወደ 4 የሚጠጉት ጉዳት እንደደረሰባቸው አሳይተዋል። ችግሩ አካሄዱ ላይ ነው። አጥኚው ሥራ ቦታ ሄዶ የሚጠይቀው ያገኘውን ሠራተኛ ነው፤ የሞተውና ወገቡ ተሰብሮ ቤት የዋለው ከቆጠራው ውጭ ናቸው። ማጠቃለያውም ሠልጥኑ፣ ቆብና ጓንት አድርጉ ከማለት ብዙም አይርቅም። የነቀዘ አጠና ሲሰበር ግን ቆብ አያቆመውም።

እንደ ታች ጋይንቷ አርብ ገበያ ያሉ የወረዳ ከተሞች ደግሞ የአጥኚ ዓይን እምብዛም አያርፍባቸውም። በእንዲህ ያለ ከተማ ቤት ሲሠራ አሠሪው ባለቤቱ፣ ፎርማኑም ግንበኛው ራሱ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ውል በቃል ነው። ባለፈው ቤት ያገለገለው አጠና ሚስማሩ ተነቅሎ ለሚቀጥለው ይተከላል፤ ጭቃና ብሎኬት የተሸከመ ሰው ይረግጠዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ከአደጋ እንዲጠብቅ፣ ጉዳት ሲደርስም መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ጥፋት ባይኖርበት እንኳ በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። በቃል የተቀጠረው የቀን ሠራተኛ ግን የማን ሠራተኛ እንደነበረ ማስረዳቱ ራሱ ፈተና ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይደረግ እንላለን። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሰው ከመውጣቱ በፊት ርብራቡን በአካል ይፈትሽ፣ ፈታሹም ይፈርምበት። ጤና ጣቢያው ወድቆ የመጣን ሰው ሲመዘግብ የት፣ ለማን ሲሠራ እንደወደቀ ይጻፍ። የጎንደርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎችም መጠይቅ ከመድገም ያንን መዝገብ ይመርምሩ። ሠራተኛውን በቸልተኝነት ከመውቀስ በፊት፣ ያልፈተሸው ኃላፊ በስሙ ይጠየቅ።