የቤት ሥራው ላይ የፈረሙት እናት

ዛሬ ስለ ልጆቻችሁ የቤት ሥራ እናወራለን። በቅድሚያ ግን የራሳችንን ጥፋት እንናገር።

በጣቢያችን የሚማሩ አንዲት እናት አሉ። ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ይሸጣሉ። ልጃቸው 3ኛ ክፍል ነው። እኛ መጀመሪያ ስማቸውን መጻፍ፣ ቀጥሎ መፈረም አስተማርናቸው። የፈረሙ ዕለት ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበ። «ከእንግዲህ የጣት አሻራ ቀረ!» አልን። እሳቸውም እልል አሉ።

የልጁ መምህር በየቤት ሥራው ላይ ወላጅ እንዲፈርም ያዛል። ልጁ ማታ ማታ «እማ፣ እዚህ ጋ ፈርሚ» ይላል። እትዬም ይፈርማሉ። ደብተሩን ግን አያነቡትም። ማንበብ ገና አልደረሱበትም ነበርና! እኛ ፊርማውን አስቀድመን ንባቡን ወደ ኋላ ትተነዋል።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ተጠሩ። መምህሩ ደብተሩን ገልጦ «ይህን ሁሉ ስሕተት አይተው ነው የፈረሙት?» አላቸው። በልጃቸው ፊት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ከክፍል ቀሩ።

ቤታቸው ሄድን። «ተዉኝ ልጆቼ፣ ትምህርት ለእኔ አይሆንም» አሉን። ደብተሩን አየነው። 52 ሲቀነስ 27 ይላል። ልጁ 35 ብሎ ጽፏል። ከ2 ላይ 7 አልቀነስ ሲለው ገልብጦ ከ7 ላይ 2 ቀነሰ። ብዙ ልጆች እንዲህ ያደርጋሉ። ከ5ቱ ዐሥሮች አንዱን ተበድሮ 2ን 12 ማድረግ ነበረበት።

«እትዬ፣ 52 ብር ይዘው 27 ብር ቢያወጡ ስንት ይተርፍዎታል?» አልናቸው።

«25» አሉ፣ ሳንጨርስ።

«እንዴት አወቁ?»

«27 ላይ 3 ስጨምር 30። ከ30 እስከ 50 ደግሞ 20። በላዩ 2። ሃያ አምስት ነዋ! ይሄም ትምህርት ነው?»

ልጁ ደብተሩን አየ፤ እናቱን አየ። ላጲስ ፍለጋ ተነሣ።

እናንተስ? ልጁ ደብተር ሲያወጣ «ሂድ ውኃ ቅዳ» ብሎ የሚልክ ከመካከላችሁ የለም? ኧረ አለ፣ እናውቃለን። እንዳይጠይቃችሁ ነው። ከዚህ ይልቅ «አንብብልኝ» በሉት። ጥያቄውን ጮክ ብሎ ያንብብ። እንዴት እንደሠራውም ይንገራችሁ። ሲያስረዳ ራሱ ስሕተቱን የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። መልሱን ግን እናንተም ሆናችሁ የጎረቤት ልጅ አትጻፉለት። ያልገባው ጥያቄ ላይ ምልክት ያድርግና መምህሩን ይጠይቅ።

እንግሊዝኛስ? በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አደረገ። ስለዚህ እናንተ ገና ሀሁ ስትቆጥሩ ልጁ ኤቢሲዲ ይዞ ይመጣል። ይህ የእናንተ ጥፋት አይደለም። «ይህን አላውቅም» ማለት ይበቃል። ልጅ በዚህ አይንቃችሁም፤ ብትቆጡት ግን ደብተሩን ይደብቃል።

ደብተሩ ለእናንተም ይጠቅማል። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እጅግ ብዙ ሰው ማንበብ ቻለ። ከዚያ በኋላ ቤቱ የሚነበብ ነገር በማጣቱ ፊደሉን የረሳም ብዙ ነው። የእናንተ ቤት ግን በየማታው አዲስ ገጽ ይገባል። ከልጁ ጋር አንድ አንድ መስመር ተራ በተራ አንብቡ። ቢስቅባችሁ ይሳቅ፣ ምን አለበት? እኛም ስትስቁብን ኖረናል።

እትዬ ባለፈው ቅዳሜ ወደ ክፍል ተመለሱ። ደብተሩንም ይዘው ነው የመጡት። አንዱ ገጽ ላይ ፊርማ የለም። ለምን ብለን ጠየቅናቸው።

«63 ሲቀነስ 48 ብሎ፣ 25 ጽፎ መጣ። 15 እስኪሆን አልፈርምም አልኩት። ተኮራርፈን አደርን» አሉን።