ሠንጠረዡ የማይቆጥራቸው

የናሳ የደመወዝ ሥርዓት የፍትሕ አብነት ተደርጎ ሲወደስ እንሰማለን። አብዛኞቹ ቋሚ ሠራተኞቹ፣ የሒሳብ ሠራተኛውም መሐንዲሱም፣ 15 ደረጃዎችና በየደረጃው 10 እርከኖች ባሉት በአንድ ይፋዊ የፌዴራል ሠንጠረዥ ይከፈላቸዋል። ግልጽነቱን አልክድም፤ ግልጽነትን ከፍትሕ ጋር ማምታታት ግን ስሕተት ነው።

ከላይ እንጀምር። የሠንጠረዡ የ2025 ጣሪያ 195,200 ዶላር ነበር። የኤይምስ የምርምር ማዕከል በሚገኝበት በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ፣ የአካባቢ ጭማሪው ሲታከል የ15ኛው ደረጃ አብዛኞቹ እርከኖች ከዚሁ ጣሪያ ጋር ይላተማሉ። በመሆኑም የረጅም ዘመን ልምድ ያካበተች ተመራማሪ በብዙ እርከን ከሚያንሳት ባልደረባዋ እኩል ይከፈላታል። እዚያው ካሊፎርኒያ ውስጥ በጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ለናሳ ተልእኮዎች የሚደክሙት ደግሞ የካልቴክ ተቀጣሪዎች ስለሆኑ ሠንጠረዡም ጣሪያውም አይመለከታቸውም።

ወደ ታች ስንወርድ ጉዳዩ ይከብዳል። ሕንጻዎቹን የሚያጸዱትና በሮቹን የሚጠብቁት በአብዛኛው የኮንትራት ኩባንያዎች ሠራተኞች ናቸው። ዝቅተኛ ክፍያቸውን ሕግ ይወስነዋል የሚል መልስ ይሰጣል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ወለል መሰላል አይደለም። የሠንጠረዡ እርከኖች ለእነርሱ አልተዘረጉም።

እንግዲህ የደመወዝ ፍትሕን ልመዝን የሚል ሁሉ አስቀድሞ የሠራተኛውን መዝገብ ይጠይቅ። ማን እንደተቆጠረ ሳይታወቅ ልዩነቱ ጠባብ ነው ማለት አይቻልም።